ስንቁን የቀመሰው ሚዜ

ያለ ጥፋቴ ታስሬአለሁ። ክስ አልተጻፈብኝም፣ ዳኛ ፊት አልቀረብኩም፣ ሲለቁኝም ይቅርታ ያለኝ የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለው እኔኑ የሚያሳፍር ስለሆነ ነው። አንባቢ በእኔ ሲፈርድ ያሰሩኝን ሰዎች እንዳይረሳብኝ።

ያሳሰረኝ ዳቦ ነው። የሐምሌ ሥላሴ የማኅበር ተራ የደረሰው እኔና ባለቤቴ ላይ ነበር። ማኅበርተኞቻችን እኩዮቻችን ናቸው፤ አብዛኞቹ እንደ እኛ በቁርባን የተጋቡ፣ ጎጆ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ ባልና ሚስቶች። ተራ የደረሰው ቤት ዳቦውን ይጋግራል፣ ጠላውን ይጠምቃል። ባለቤቴና የሚዜዬ ሚስት ሲጋግሩ ሰነበቱ። በዕለቱ ማለዳ እኔና ሚዜዬ ዳቦውን በአህያ ጭነን ወደ ደብሩ ወሰድነው። መንገድ ላይ ያየን ሰው ለታጣቂዎች ስንቅ ጭነዋል ብሎ ተናገረ። በማግስቱ የበልግ ገብሴን እያጨድኩ ሳለ መጡና ማጭዴን ከእጄ ተቀበሉኝ።

"ያ ሁሉ ዳቦ ለማን ነው?" አለኝ መርማሪው።

"ለሥላሴ።"

"ሥላሴ ስንት ናቸው?"

"ሦስት።"

"ለሦስት ሰው ነው አንድ አህያ ሙሉ ዳቦ?"

አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ፈርቼ ነው። በሥላሴ ሲቀለድ ፈገግ ያልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያስገቡኝ ሌሎች እስረኞች ያሉበት የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጥጋጥጉ የአሮጌ ገብስ አቧራና የአይጥ ሽታ። በመንዝ ክረምቱ ሲገባ ጉሙ ከሰው ጋር ነው የሚያድረው፤ በበሩ ሥር ገብቶ የምንለብሰውን የሱፍ ባና ያረጥበዋል። ቀበቶና የጫማ ክር ስለወሰዱብን ስንቆም ሱሪያችንን በእጃችን እንይዛለን። ሽንት የምንሸናበት ባልዲ በሩ ጥግ ነው። አዲስ የገባ ሰው ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ ሌላ አዲስ ሲመጣ ወደ ውስጥ ጠጋ ይላል። ደንቡ ይኸው ነበር።

ባለቤቴ በየሳምንቱ ትመጣ ነበር። ከቀያችን እስከ ከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ አክስቷ ቤት አድራ ጠዋት ስንቁን ይዛ ትቆማለች። ስሜ ሲጠራ እስከ ግቢው ሽቦ እወጣለሁ።

"ከማን ጋር መጣሽ?" እላታለሁ።

"ከሰው ጋር" ትለኛለች።

ከማኅበርተኛው ወንድ አንድም የመጣልኝ የለም። ሊጠይቅ መጥቶ እዚያው ተይዞ የቀረ ወንድ እኛው መሀል እንደነበር አውቃለሁ። ማወቅና ታስሮ መጠበቅ ግን ለየቅል ናቸው። ከሁሉም የጠበቅኩት ሚዜዬን ነው። እኛ አገር ሚዜነት የሰርግ ቀን ሥራ አይደለም። ሚዜ ከተጋቡት ጋር ወንድም እሆናለሁ ብሎ ይምላል፤ ሲጣሉ ያስታርቃል፣ ሲታመሙ ይደርሳል። የእኔ ሚዜ አብሮ አደጌ ነው። ሚስቴን ከተጋባን አራት ዓመት አልፎ እንኳ "ሙሽሪት" እያለ ነው የሚጠራት።

ስለዚህ መጋዘኑ ውስጥ ስሙን አነሳሁ ጣልኩ። ሰርጌ ላይ ከፊት ከፊት ሲል የነበረ፣ ጠላ ያለበትን ቤት በሽታው የሚያውቅ፣ አሁን የት ገባ እያልኩ። መጋዘኑ ውስጥ የዓለም ከተማ መስመር ሹፌር ነበር፤ ያሳፈረው ሰው ማን እንደሆነ ባለማወቁ የታሰረ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው።

"የአንተ ሚዜ ፍሬኑ ጥሩ ነው" አለኝ አንድ ቀን። "ገና ከሩቅ ነው የሚይዝለት።"

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ሳቁ ሲያልቅ ሆዴ ውስጥ የቀረው ንዴት ነበርና "ዳቦው ሲጫን ከእሱ ሌላ ማን ነበር? የጠቆመው እሱ ይሆናል" አልኩ። አላውቅም። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም። ከአፌ ወጣ። የሰሙት ሰዎች አመኑ፤ እነሱ ሲያምኑ ጊዜ እኔም አመንኩት። ከዚያ በኋላ "ይሆናል" የሚለውን ትቼ ነው ያወራሁት።

ፍልሰታ ገባ። ለእኔና ለባለቤቴ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሳናጓድል በነሐሴ ሰባት እንቆርባለን ብለን ለእመቤታችን ተስለን ነበር። ሁለቱን አድርሰናል። ሦስተኛው ላይ እኔ መጋዘን ውስጥ ሆንኩ። የንስሐ አባታችን "እሷ ትቁረብ፣ ለሁለታችሁም ይያዝላችኋል" ብለዋት ነበር። እዚያው ከተማ፣ ስንቄን ከሰጠችኝ በኋላ፣ ቀትር ላይ በሚገባው ቅዳሴ ልትቆርብ።

በዕለቱ ጠዋት ስሜ ተጠራ። ሱሪዬን ይዤ ወጣሁ። ባለቤቴ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ ከሽቦው ማዶ ቆማለች፤ አገልግሉ እግሯ ሥር ነው። ሌላ ጊዜ ዘበኞቹ ምግቡን በእንጨት ነካ ነካ አድርገው ያሳልፉት ነበር። ያን ዕለት የቆመው አዲስ ልጅ ነው፤ ትእዛዙም አዲስ ነው። ሌላ ቦታ የታሰረ ሰው ከቤት በመጣለት ምግብ ታመመ ተብሎ ስንቅ ያመጣ ሁሉ ራሱ ይቅመስ ተብሏል።

"ቅመሺ" አላት።

"ምኑን?"

"ሁሉንም፣ ከእያንዳንዱ።"

"ወንድሜ፣ ዛሬ እቆርባለሁ። ከትናንት ጀምሮ ውኃ በአፌ አልዞረም።"

ልጁ ደነገጠ። አንገቱ ላይ ማተብ አለው፤ አይቼዋለሁ። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የማትቀምሺ ከሆነ ይዘሽው ተመለሺ።"

"እኔ ልቅመሰው" አልኩት ከዚህ ማዶ።

"አንተማ ሟቹ ነህ። አንተ ቀምሰህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?"

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ አገልግሉን አየሁ። ያን ሰሞን ዝናቡ መንገድ ዘግቶ የብዙ ሰው ስንቅ ቀርቶ ነበር። ዳቦው፣ በሶው፣ የገብሱ ቆሎ ይታየኛል። "ይዘሽው ተመለሺ" ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። ሁለት ቃል ነው። አፌ ምራቅ ሞልቶ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን አየች። ጎንበስ አለችና እጇን ወደ አገልግሉ ሰደደች።

"ሙሽሪት፣ ተይው።"

ድምፁን ሳላየው ነው ያወቅኩት። ሚዜዬ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ አህያዋን ከያዘበት ተነስቶ እየመጣ ነው። ጋቢው በዝናብ ርሶ ትከሻው ላይ ተለጥፏል።

"እኔ እቀምሰዋለሁ። እኔ ዛሬ አልቆርብም" አለው ዘበኛውን። ዳቦውን ቆረሰ፣ በሶውን ጠቅለል አድርጎ ጎረሰ፣ ቆሎውን ዘገነ። ሳይቸኩል አኘከና አፉን ከፍቶ አሳየው። "በቃ? ወይስ አህያዋም ትቅመስ?"

ልጁ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። ከኋላው ግን አለቃው መጣ።

"ማነህ አንተ?"

"ሚዜው ነኝ።"

"የምን ሚዜ? ሰርግ አለ እንዴ?"

"ነበረ። አላለቀም።"

"መታወቂያ።"

"ቤት ረሳሁት።"

"እንግዲያው ግባ።"

ሚዜዬ ወደ ባለቤቴ ዞረ። "ሙሽሪት፣ ቅዳሴው እንዳያልፍሽ። አህያዋን አክስትሽ ግቢ እሰሪያት። ለእኔዋም ንገሪልኝ፣ ደህና ነው በያት።"

ቀበቶውን ሲያስፈቱት ባለቤቴ ወደ ሽቦው ተጠጋች። "ሁልጊዜ የሚያደርሰኝ እሱ ነው" አለችኝ። "አትንገሪው ብሎኝ ነው። 'እዚህ መሆኔን ካወቀ ይጠራኛል፣ ከጠራኝ አልቀርም፣ እኔም ከገባሁ ማን ያደርስሻል' አለኝ።" ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

አገልግሉን ተሸክሜ እኔ ከፊት፣ እሱ ሱሪውን ይዞ ከኋላዬ ገባን።

"አዲስ ሰው!" አለ ሹፌሩ። "ማን እንበልህ?"

"የእሱ ሚዜ ነኝ" አለ ወደ እኔ እያሳየ።

ተጣጥፈው የተቀመጡት ሁሉ እግራቸውን ዘረጉ፤ ቦታ እንዳይኖር። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት አዛውንት፣ አባባ የምንላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚዜዬ ጥቂት ቆመ።

"አዲስ ሰው የሚቀመጠው ባልዲው ጋ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

እኔም ከጎኔ ቦታ አልለቀቅኩለትም። ሄዶ ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የጦም መፍቻ ሰዓት እስኪደርስ ስንቁን ማከፋፈል የሹፌሩ ሥራ ነበር፤ ዳቦውን እየቆረሰ በየሰዉ ፊት አኖረ። ባልዲው ጋ ሲደርስ አለፈው።

"ለጠቋሚ የሚተርፍ የለም" አለ።

"ማነው ጠቋሚ?" አለ ሚዜዬ። የምሩን ነው የጠየቀው። የሚገኝ መስሎት ዙሪያውን አየ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። ሱሪዬን በአንድ እጄ እንደያዝኩ "እኔ ነኝ እሱ ነው ያልኩት" አልኩ። "አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ነው ያልኩት።"

"ዝም ብለህማ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለ ሹፌሩ።

አልሳቀም። የሳቀም የለም። አባባ ባናቸውን ሰበሰቡና "ና ልጄ፣ እዚህ ሁን" ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። ሹፌሩም የራሱን ድርሻ ዳቦ ወስዶ እጁ ላይ አኖረለት። "ብላ እንጂ፣ አንተ እንደሁ ጦሙን ፈትተሃል። ምን ትጠብቃለህ?"

"ያ የሙሽሪት ነበር" አለ ሚዜዬ። "የራሴን አልፈታሁም።"

ዳቦውን ጋቢው ላይ አስቀምጦ እንደማንኛችንም ጠበቀ። ማለዳ ከአክስቷ ቤት ጀምሮ ዝናብ ሲወርድበት የቆየ ሰው ነው። እኔ ስድቡን ስጠብቅ ቆየሁ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ወደ እኔ ዘወር አለ።

"ገብስህን አስገብተንልሃል" አለኝ። "ዝናብ ትንሽ ነክቶታል እንጂ ደህና ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ወጥቶ ነው ያጨደው።"

ከዚያ በኋላ የቅዳሴ ማብቂያ ደወል ተሰማ። አባባ አማተቡ። ባለቤቴ ቆርባለች ማለት ነው። ሚዜዬ ያን ጊዜ ዳቦውን ቆረሰና መጀመሪያ ለአባባ፣ ቀጥሎ ለእኔ አጎረሰ። ጎረስኩ።

እዚያ መጋዘን ውስጥ ሚዜዬ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፈ ፊደል አስቆጠረኝ። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። እኔ ሚስት ካገባሁ በኋላ እንኳ ስሜን መጻፍ የማልችል ሰው ነበርኩ። ይህን የምጽፍበትን እጅ የሰጠኝ እሱ ነው፤ የጻፍኩትም ስለ እሱ ነው።

እኔን ከመስቀል በኋላ ለቀቁኝ። እሱ ቀረ። መርማሪው "ራሱ ነው የመጣው፤ ሰው ያለ ነገር ይመጣል?" ይል ነበር አሉ። ዳቦውን ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ልጅም አልመጣም፤ እንጠብቃለን። ባለቤቴ በሽቦው በኩል ስላየችው ነገር፣ ምራቄን ስለዋጥኩበት ዝምታ፣ አንስታብኝ አታውቅም። እኔም አላነሳሁባትም። አንድ ማዕድ ላይ ስንቀርብ ግን ዳቦ ስትቆርስልኝ ቀና ብዬ አላያትም።

ከዚህ የባሰውን ልጻፈው። ከተፈታሁ በኋላ ለእሱ ስንቅ ያመላለሰችው ሚስቱ ናት። የማደርሳት እኔ ነበርኩ። አህያዋን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ እቆማለሁ። ከአጥሩ እስከ ሽቦው ሰው ተጣርቶ የሚሰማማበት ርቀት ነው። እሷ ትቀምሳለች፣ ስሙ ይጠራል፣ ሱሪውን ይዞ ሲወጣ ከሩቅ አየዋለሁ። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ አንድም ቀን ከአጥሩ አላለፍኩም። መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

ዛሬ ማኅበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሚስቴን አሁንም ሙሽሪት ይላታል። አጥሩ ጋ እንደምቆም ሚስቱ ነግራዋለች፤ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን አልመጣህም ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱን የለቀቁት እኔ ከወጣሁ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ነው።