የፊት እግር ሞላ

ልናገረውና ይውጣልኝ፤ በሚስቴ ታናሽ ወንድም እቀና ነበር። ቅናት ደግሞ እንዲህ በዋዛ አይደለም፤ ሆዴን ያቃጥለኝ ነበር።

እኔ ጎንደር ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። እሱ ከገጠር ወጥቶ በሱዳን ሲሻገር መኪና በእጁ ነክቶ አያውቅም። ግን ሁለት ዓመት ቀደመኝ። እኔ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ስደርስ ዕብራይስጡን አቀላጥፎ፣ ኪርያት ማታሎን በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ሥራ ገብቶ፣ መካኒክ ተብሎ ጠበቀኝ። እኔንም ያስገባኝ እሱ ነው። ይኼ ነው የባሰብኝ! ቋንቋ የለኝምና ባለጋራዡ አንድ ገንዳ ናፍጣ ሰጠኝ፤ እሱ የፈታውን ዕቃ እኔ አጥባለሁ። እሱን «ሀቢቢ»፣ ወዳጄ፣ ይለዋል፤ እኔን በጣቱ ይጠራኛል።

አንድ ቀን ባለጋራዡ ከአባቱ የወረሳትን አሮጌ መኪና አስገባ። የፊት እግሯ አልቋል፤ ትንሽ ጉድጓድ ስትነካ ትንኳኳለች። እንዲህ ያለችውን ስንቷን ፈትቻለሁ! እሷን ከሠራሁ ከናፍጣው ወጣሁ አልኩ። ለማን ቢሰጣት ጥሩ ነው? ለሀቢቢው።

«ጋሼ፣ ያላ፣ ና አብረን እንፍታት» አለኝ፤ ከልቡ ነው።

«አንተ እያለህ እኔ ምን አውቄ!» አልኩና ወደ ገንዳዬ ዞርኩ።

ጎማውን አወጣ። ጎማውን ከሚሸከመው ክንድ በላይ ወፍራም ሞላ ተጨምቆ ተቀምጧል፤ ቡሎኑ ሲወጣ ክንዱን የሚይዘው ከሥሩ ያለው ክሪክ ብቻ ነው። ክሪኩን ቀስ እያሉ ሲያወርዱት ሞላው ይላላል፤ ካመለጠ ግን አይምርም። እኛ ጎንደር ሞላውን በሰንሰለት ሳናስር ቡሎን አንነካም ነበር። እሱ አላሰረም። ክሪኩም ያረፈው ቅባት ላይ ነበርና ወደ ጎን ሸርተት ሲል አየሁ። አይቻለሁ! ልነግረው አፌን ስከፍት ባለጋራዡ በዚያ ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሀቢቢ አይደል፣ ይወጣው አልኩ በሆዴ።

ሞላው ጮኾ ወጣ። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ሰበረበት።

ቅዳሜ ዘመድ ሊጠይቀው ተሰበሰበ። አማቴ እያለቀሱ «ዓይን ነው፤ ልጄን ዓይን በላብኝ!» አሉ። የጠረጠሩት ከጋራዡ አጠገብ መኪና ቀለም የሚቀባውን ዓይነ ሰማያዊ ሰውዬ ነበር። ጉድ እኮ ነው! አገር ቤት አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጭ በመሆናቸው ቡዳ እየተባልን የተሰደብነው እኛ ነን፤ እዚህ ደግሞ ቡዳ ፈላጊ ሆንን። እስቅ ነበር፣ ወደ እኔ ባይዞሩ።

«ጋራዥ የነበረ ሁሉ እትፍ ይበልበት። በል ልጄ፣ ከአንተ ይጀመር።»

እሱ እየሳቀ በጀሶ የታሸገውን እጁን ዘረጋልኝ። «እሺ በላት ጋሼ፣ ደስ ይበላት» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መኪናዋን አንተ ትጨርሳታለህ፤ ድሮም ለአንተ መስጠት እንደነበረበት ለባለጋራዡ ነግሬዋለሁ» አለኝ።

ምራቅ ከየት ይምጣ? አፌ ደርቋል። ሁለት ጊዜ «እትፍ፣ እትፍ» ብል ነፋስ ብቻ ወጣ። ምነው ዓይኔ ብቻ በሆነ የበላው! አማቴ «ተባረክ» አሉኝ።

የእዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት በእሁድ ጠዋት ስንገባ የቀረውን የሌላውን ጎን ሞላ በሰንሰለት ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና ቡሎኑን ፈታሁ። ባለጋራዡ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን አየ፤ እኔንም አየኝና ለመጀመሪያ ጊዜ «ሀቢቢ» አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።