በእናቴ አንገት ላይ ያሉት መስመሮች

ወረታ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የዲዛይን ቤት አለችኝ። የሱቅ ታፔላ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት ባነር፣ የሩዝ ከረጢት ላይ የሚታተም ምልክት እሠራለሁ። የምናደድበት ነገር ብዙ ነው። መብራት ይጠፋል፤ የገለባው ብናኝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል፤ ደንበኛው «ትንሽ ብቻ አስተካክይልኝ» ብሎ ግማሽ ቀን ያስቀምጠኛል። ይህ ሁሉ ስተኛ ያልፋል። በእናቴ ተዝካር ቀን የያዘኝ ንዴት ግን አላለፈም፤ እንዲያልፍም አልፈልግም።

እናቴ የፎገራ ገበሬ ነበረች። ዕድሜዋን ሩዝ ማሳ ውስጥ፣ እግሯ ከውኃ ሳይወጣ፣ ጎንበስ ብላ ስታርም ኖረች። ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ስታርፍ ቤት ውስጥ ፈልገን ያገኘነው የመታወቂያዋን ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተሙ አገጯን አልፎ አንገቷ ላይ አርፎበታል። ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ለአርባዋ ዳሱ በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ባነር እንዲኖር ፈለገ።

«አንች እያለሽ ለማን እሰጠዋለሁ፣ እታለም» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ፎቶው ሲተልቅ ጭቃ ሆነ። ዓይኗ የት እንደሚያልቅ፣ ጉንጯ የት እንደሚጀምር አይለይም። ስለዚህ ልሥላት ወሰንሁ። እኔ የምሠራበት ፕሮግራም ሥዕሉን በመስመር ነው የሚይዘው፤ የቱንም ያህል ቢተልቅ መስመሩ አይደበዝዝም። ፎቶውን ከሥር አድርጌ ከላይ መስመር በመስመር ተከተልኋት። ግንባሯ መጣ፣ የዓይኗ ቆብ መጣ፣ ስትስቅ አፏ ዳር የምትታየዋ እጥፋት መጣች። አንገቷ ላይ ስደርስ ተቸገርሁ።

እናቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት፤ ከአገጯ ሥር ተደራርበው የሚወርዱ መስመሮች፣ በመካከላቸው ትንንሽ ክቦች። እሷ ልጅ ሳለች ይፋግ ገበያ የምትመጣ አንዲት ነቃሽ ነበረች። ሳታገባ በፊት ከጓደኛዋ ጋር ሄደው በአንድ ቀን ተነቀሱ። አንገቷ አብጦ ምራቅ መዋጥ አቅቷት እንደነበር ስትነግረን ትስቅ ነበር። «ታዲያ ለምን ተነቀስሽ?» ስላት፣ «ማን ከለከለኝ? አማረኝ ተነቀስሁ» ትለኛለች። ማሳው የአባቷ፣ ቤቱ የባሏ፣ ሥራው የሁላችን ነበር። ያ አንገት ግን የራሷ ነበር።

ንቅሳቱን መጀመሪያ በአንድ ሰማያዊ ቀለም ሣልሁት። አንገቷ በሽቦ የታሰረ መሰለ። የእሷ ንቅሳት እኮ አንድ ቀለም አልነበረም፤ መሐሉ ጠቆር ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ዳሩ ከቆዳዋ ጋር የሚቀላቀል ነበር። ለመስመሮቹ ግራዲየንት መስጠት ነበረብኝ፤ አንዱ ቀለም ቀስ እያለ ወደ ሌላው እንዲሸጋገር ማለት ነው። ለሰፊ ገጽ ይህ ቀላል ነው፤ ቀለሙን ሥዕሉ ላይ በማውስ እየጎተቱ ማስተካከል ይቻላል። ለመስመር ሲሆን ግን ፕሮግራሙ ያን አይፈቅድም። በጎን ካለችው ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሆኖ መነካካት ነው።

ሳጥኗ ሦስት ምርጫ አላት። በመጀመሪያው ቀለሙ መስመሩ ቢጠመዘዝም ባይጠመዘዝም ዝም ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። ስሞክረው የአንገቷ አንዱ ጎን ጠቆረ፣ ሌላው ጠፋ። በሁለተኛው ቀለሙ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ትንንሾቹ ክቦች ላይ፣ ዞረው በሚገጥሙበት ቦታ፣ ጨለማውና ብርሃኑ ተላተሙ፤ የቢላ ጠባሳ መሰለ። ሦስተኛው ሽግግሩን በመስመሩ ውፍረት ላይ ያደርገዋል፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር። እሱን ያዝሁ። መሐሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴውን፣ በሁለቱም ዳር የቆዳዋን ቀለም አስቀመጥሁ፤ ዳሮቹን ደግሞ አሳሳኋቸው። ከዚያ የመሸጋገሪያ ነጥቦቹን ትንሽ ወደ ውስጥ ትንሽ ወደ ውጭ ሳመላልስ ዋልሁ። ሲራራቁ መስመሩ ጭስ ይሆናል፤ ሲቀራረቡ ተመልሶ ሽቦ ይሆናል። ድንገት አንድ ቦታ ላይ ልክ መጣ። ቀለሙ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ ገብቶ የኖረ ሆነ። እጄን ከማውሱ ላይ አንሥቼ አለቀስሁ። ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀርባኝ አታውቅም።

ሥዕሉን ለወንድሜ በስልክ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ጥሩ ነው። አንገቷ ላይ ያለውን ግን አጥፊው።»

«የቱን?»

«ንቅሳቱን ነዋ። ከባሕር ዳር ሰዎች ይዤ ነው የምመጣ። ገጠሬ አስመሰልሻት። ፊቷንም ትንሽ ቀላ አድርጊው።»

«ወንድምዓለም፣ እናታችን ገጠሬ ናት» አልሁት። «ንቅሳቱን እኔ አላመጣሁትም። አንተ እዚያ አንገት ላይ ተጠምጥመህ ነው ያደግህ።»

«አትጨቃጨቂኝ። አሁን ማን ይነቀሳል? ሰው ምን ይላል?»

«አላጠፋም» ብዬ ዘጋሁት። ተመልሶ አልደወለም፤ የተወው መሰለኝ።

ወረታ ላይ ትልቅ የባነር ማሽን የለኝም። ሥዕሉን ባሕር ዳር ወደማሳትምበት ቤት ላክሁ፤ መጠኑን ከማሽናቸው ጋር ማስማማት ስላለባቸው የሚስተካከለውን ፋይል ነው የላክሁት። ባነሩን ወንድሜ ከዚያ ይዞ እንዲመጣ መጀመሪያውኑ ተስማምተን ነበር። ያደረገውን የነገረኝ የሚያትመው ልጅ ነው፣ በኋላ ስጠይቀው። ወንድሜ ሄዶ አጠገቡ ተቀምጧል። «ይህን አውጣው፣ ይህን አንጣው» እያለ አዝዞታል። ልጁ የእኔን መስመሮች አንድ በአንድ መርጦ ሰርዟቸዋል። ሙሉ ቀን የፈጀብኝን ነገር ለማጥፋት ሻይ እስኪቀርብ ድረስ አልፈጀበትም።

በተዝካሩ ጠዋት እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርሁ። ወንድሜ ባነሩን ራሱ ሰቅሎታል። ወጥቼ ሳየው መጀመሪያ የሌላ ቤት ለቅሶ የገባሁ መሰለኝ። ፊቷ እንደ ተላጠ ድንች ነጥቷል። የፊቷ ዙሪያ መስመር፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን እያሸጋገርሁ የሠራሁት፣ ድፍን ጥቁር ሆኗል። አንገቷ ባዶ ነው። ባዶነቱ ሲያስቀይማቸው ነው መሰለኝ ከየትም ያነሡትን የወርቅ ሀብል ለጥፈውበታል። እናቴ ወርቅ አድርጋ አታውቅም።

ባነሩ ሥር ቆሜ ሳለ የእናቴ ጓደኛ መጡ፤ ያን ቀን ይፋግ አብረው የተነቀሱት ሴትዮ ናቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ባነሩን ቀና ብለው አዩት።

«ይህች የማን ናት?» አሉ።

«እናቴ ናት እኮ፣ እማማ» አላቸው ወንድሜ።

«የናንተ እናት? እሷስ አንገቷ…» አሉና ሳይጨርሱት አንገታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ዞር ብለው ከወንድሜ ጋር የመጡትን እንግዶች አዩ፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አንገታቸውን ሸፈኑ።

ባነሩ ብቻ ቢሆን ተዝካሩ እስኪያልቅ እታገሥ ነበር ይሆናል። እኒህ ሴትዮ ግን ዕድሜ ልካቸውን ገልጠውት የኖሩትን አንገት፣ በጓደኛቸው ተዝካር ላይ፣ በእኛ ደጅ አፍረው ሸፈኑት። በርጩማ ስቤ ላዩ ላይ ወጣሁና የባነሩን ገመድ መፍታት ጀመርሁ።

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። «በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«አንተ እሷን ያዋረድሃት የት ነው? ጓዳ ነው?»

«ለክብሯ ብዬ ነው ያደረግሁት።»

«ለራስህ ነው። እጄን ልቀቀኝ።»

ለቀቀኝ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። ገመዱ ጠብቆ ታስሮ ስለነበር በጥርሴ ጭምር ፈታሁት። ባነሩን ጠቅልዬ ጓዳ ወረወርሁት። የእናቴ የንስሐ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ሰዎች ተቀመጡ፣ ጸበሉን እንቅመስ» አሉ፤ ተዝካሩ ያለ ባነር ቀጠለ። ወንድሜ እንግዶቹን ይዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደ። ሳይሰናበተኝ።

ዘመዶች ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብለው ፈርደዋል። «ታላቅሽ ነው፤ ብትታገሽ ምን ነበረበት» ይሉኛል። ለምን እንደ ተናደድሁ የጠየቀኝ የለም።

በቀጣዩ የገበያ ቀን እኒያ ሴትዮ ወረታ መጥተው ሱቄ ገቡ። ወንበር ሰጠኋቸው። ትንሽ እንዳረፉ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላይ አወረዱ።

«እስቲ እኔን በቁሜ ሥሪኝ» አሉኝ። «ስሞት ልጆቼ ሌላ ሴት እንዳያመጡብኝ።»

«እርስዎ ብቻ ቀና ይበሉልኝ» አልሁ። አገጫቸውን አነሡ፤ ፎቶ አነሣኋቸው። የእሳቸው ንቅሳት ከእናቴ ይልቅ ደብዝዟል፤ የእናቴን ልክ ብሰጠው ውሸት ይሆናል። መሐሉን ወደ ግራጫ አመጣሁት፣ ነጥቦቹን አራራቅኋቸው፣ በግራ በኩል ቆዳቸው የታጠፈበት ላይ መስመሩን ቆርጬ ለብቻው አሳሳሁት። ሥራውን ሳሳያቸው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ይኸው ነው ያሉት።

የእናቴን እውነተኛ ሥዕል በራሴ ማተሚያ በወረቀት አውጥቼ ቤቴ ሰቅያለሁ። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ወንድሜ ደወለ። ድምፁ ለስለስ ብሏል። «ያችኛዋን ላኪልኝ» አለ፤ «አንች የሠራሻትን።»

«ፋይል አልልክም» አልሁት። «ከፈለግህ መጥተህ ከእጄ ውሰድ። መጀመሪያ ግን እኒያ ሴትዮ ቤት ገብተህ እግራቸውን ትስማለህ።»

«አሁንም ንዴቱ አለቀቀሽም እንዴ?»

«አልለቀቀኝም።»

ስልኩን ዘጋው። እስካሁን አልመጣም። ከባሕር ዳር ወረታ ሩቅ አይደለም።