ዳኛው ያላያት እጅ

ኦስሎ፣ ስቶቭነር ሰፈር ባለው ቤታችን ኳስ በቴሌቪዥን ሲታይ፣ አጎቴ ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ይደብቁ ነበር። ኮሌጃቸው የኳስ ቡድን ባቋቋመበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ዋንጫ ያስገኘችውን ግብ ያስቆጠሩት በእጃቸው ነው። «ዳኛው አላየም፤ እኔ ግን አይቻለሁ» ይሉኝ ነበር። «ያቺን ግብ ማንም እንዳያነሳብኝ።»

በቀብራቸው ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ ከሁሉ ቀድማ የተወደሰችው ያቺው ግብ ናት። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እህታቸው «ስሙ ይጠራበት እንጂ!» ብለው ሲያለቅሱብኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ለቀስተኛው በአድናቆት ራሱን ሲነቀንቅ እኔ አቀረቀርኩ።

አሁን ሶፋው ላይ ቦታቸው ባዶ ነው። ኳስ ሲጀመር አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ያንን ታሪክ የጻፈችውን እጄን ግን የት እንደማደርጋት አላውቅም።