መስኮት ያለው ሣጥን

ተማም ደቡብ አፍሪካ፣ ዲፕስሉት ሰፈር ባለው ሱቁ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ለጨዋታ ወዳጆች እየተጣለ ቁጥር የሚያወጣ ባለ ብዙ ገጽ ዳይስና የእንቆቅልሽ ሣጥን ይሠራል። አብልጦ የሚኮራበት ሣጥን ቁልፍ አልነበረውም፤ የሚከፈተው ጠረጴዛ ላይ እንደ እንዝርት ሲያሾሩት ብቻ ነበር። "የቸኮለ ሰው አይከፍተውም" ይል ነበር።

አንድ ቀን የቸኮለው ሰው ሽጉጥ ይዞ መጣ። ሣጥኑን አንስቶ ቢነቀንቀው ውስጡ ተንኳኳ።

"ክፈት፣ ማይ ፍሬንድ!"

ተማም አሾረው። ቸኩሎ ስለነበር ሣጥኑ ሳይከፈት ተንጋዶ ወደቀ።

"ትጫወትብኛለህ?" የሽጉጡ እጀታ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርሱ ረገፈ።

"አይጫወትብህም፣ ሲሾር ነው የሚከፈተው!" ብላ በሆዷ እንድትተኛ የተደረገችው ሚስቱ ዛሂራ ከወለሉ ላይ ጮኸች። "በአላህ፣ ያሹረው፣ ተወው!"

ደሙ እየተንጠባጠበ ደግሞ አሾረው፤ ተከፈተ። ዳይሶቹ ተንከባለሉ። ሰውየው ገንዘብ ጠብቆ ነበርና በንዴት የተማምን ቀኝ እጅ ባንኮኒው ላይ አጋድሞ ጣቶቹን ቀጠቀጠና ወጣ።

ዛሬ ተማም የሚሠራው በግራ እጁ ነው። በየሣጥኑ ክዳን ላይም ትንሽ የመስተዋት መስኮት ያበጃል።

"ውስጡ ከታየማ ምኑን እንቆቅልሽ ሆነ?" አለው አንድ ደንበኛ።

ተማም በጎደለ ጥርሱ ሳቀ። "አንተ አከፋፈቱን ፈልግ፣ ወንድሜ። የቸኮለው ግን ዳይስ መሆኑን ከሩቅ ይየው።"