ደረጃውን በደረታቸው የዘጉት አቶ ከድር

አቶ ከድር ባለፈው ሳምንት አረፉ። በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የእኛን ብሎክ የምታውቁ፣ በታክሲ ተራው ላይ በቆመጣቸው አጠገብ ያለፋችሁ፣ ሀዘኑ ላይ የተቀመጣችሁም ያልደረሳችሁም፣ ይህ ጽሑፍ ለሁላችሁ ነው። የተሰበረ የጎድን አጥንታቸው ሳንባቸውን ወግቶት ነበር፤ ለሳምንታት ታግለው ተሸነፉ። አጥንታቸው እንዴት እንደተሰበረ ብዙ ይወራል። ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

ይህን ለመጻፍ ከእኔ የሚሻል ሰው ይኖር እንደሆነ አስቤበት አላገኘሁም። ስሜ ታደሰ ይባላል። የተወለድኩት ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። ፊደል ከቄስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴን ያስተማርኩ ራሴ ነኝ። ሬዲዮ ፈትቼ ስገጥም ገና ጢም አላበቀልኩም ነበር። ብየዳ፣ ቧንቧ፣ መብራት፣ ግንብ፤ ያልሞከርኩት ሙያ የለም፤ ሞክሬ የከሸፈብኝም የለም። በብሎካችን በር ሲጣበቅ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠራው ታደሰ ነው። መሬት ከመንቀጥቀጧ በፊት የነበረኝ ቦታ ይህ ነበር። ከዚያ በኋላም አልቀነሰም።

አቶ ከድር ግን ቦታዬን አላወቁልኝም። በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ሸክም ተሸክመው ያደጉ፣ በኋላም በታክሲ መነሻችን ተራ አስከባሪ የሆኑ ሰው ነበሩ። የተዋወቅነው በጠብ ነው። ጠዋት ነው፤ ዝናብ ይወርዳል፤ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። እኔ የብየዳ ሳጥኔን ይዤ በቀጥታ ወደ ታክሲው በር ሄድኩ። አንድ እጅ ከኋላዬ አነቀኝ። ኮሌታዬ ተቀደደ።

«ተራ!»

«ሽማግሌ ነኝ እኮ!»

«ሽማግሌ ይህን ሳጥን ተሸክሞ አይሮጥም። ወደ ኋላ፣ ጋሼ!»

«እኔን ነው? ታደሰን?»

«ታደሰም ተራ አለው።»

እየጎተቱ ወስደው ከሰልፉ ጭራ ገተሩኝ። በዚያው እጃቸው ልጅ ያዘለች ሴት ከኋላ አውጥተው ፊት አስቀመጡ፤ ክራንች የያዘ ሰው ደግፈው አሳፈሩ። ያጉረመረመውን ጎረምሳ ደረቱን ገፍተው፣ «ተራ ማለት ጉልበተኛ ወደ ኋላ ማለት ነው» አሉት። ያን ቀን በእኔ ላይ ተሳስተዋል እላለሁ፤ እስከ ዛሬም እላለሁ። ተራዬ ሲደርስ ግን ሳጥኔን ራሳቸው ተሸክመው ጫኑልኝ። ጎረቤት መሆናችንን ያወቅነው አመሻሹ ላይ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ነው፤ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ሦስተኛ።

የመጀመሪያው ብርቱ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ቤታችን እንደ ወንፊት ተወዘወዘ። ቡፌው ከግድግዳው ተላቆ በፊቱ ተደፋ። ቁም ሳጥን ላይ የተደረደሩት ጀሪካኖች ውሃቸውን እንደያዙ ወረዱ። እንደምታውቁት ውሃ ስለሚጠፋብን ያለንን ቦታ ሁሉ በውሃ እንሞላለን፤ አልጋ ሥር ሲሞላ ወደ ላይ እንደረድራለን። ሰው «እግዚኦ!» እያለ ወደ ደረጃው ፈሰሰ። ከላይ የመጣው ከታች ባለው ላይ ወጣ። ከበረንዳ የዘለለ አንድ ወጣት ሁለቱም እግሮቹ ተሰበሩ፤ አጥንቱ ሱሪውን ቀዶ ሲወጣ አይቻለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጄ መሠረት የመጀመሪያ ልጇን ገና መፀነሷ ነበር። ደረጃው ላይ ወደቀች። የረገጧት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ጀርባዋ ላይ የጫማ ቅርጽ ታትሞ አገኘሁ። ደም ፈሰሳት። ፅንሱ ተረፈ፤ ሐኪሙ ግን «ሁለተኛ እንዲህ ከወደቀች ተስፋ አታድርጉ» አለን።

ብሎኩ ግን አንድ ግድግዳ እንኳ አልወደቀበትም። አቶ ከድር ደረጃው ላይ የቀሩትን ነጠላ ጫማዎች ሲለቃቅሙ ቆይተው ቀና አሉና፣ «መሬቷ ማንንም አልነካችም፤ የተበላላነው እኛው ነን» አሉ።

ከወራት በኋላ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ተናገሩ። እኔ ከሬዲዮ የሰማሁትን አስቀድሜ አስረድቻቸው ነበር። መሬቷ ስትንቀጠቀጥ አትሩጥ። ከመስኮትና ከቡፌ ራቅ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ በአንድ እጅህ እግሩን ያዝ፤ በሌላው ማጅራትህን ሸፍን። ጠረጴዛ ከሌለህ ከውስጠኛው ግድግዳ ሥር ተኮራምተህ ራስህን በትራስ ከልል። ስታቆም ጋዝህን ዝጋ፤ ጫማህን አድርግ፤ ውጣና ከግንብና ከመብራት ምሰሶ ራቅ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው። የደረጃው ሐሳብ ግን የእሳቸው ነው፤ አልቀማቸውም።

«ስታቆም ደረጃው ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል ይመታል» አሉ። «መጀመሪያ ምድር ቤት፣ ቀጥሎ አንደኛ ፎቅ፣ እንዲህ እያልን በተራ እንወጣለን። ቸርኬው ሳይመታ ደረጃ የረገጠ ቆመጤን ያገኛል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የአራተኛ ፎቋ ወይዘሮ አስካለ ከሁሉ በላይ ሳቁ።

«ከድር፣ ታክሲው አልበቃህ ብሎ ለሞትም ተራ ልታስከብር ነው?»

«ለሞትማ ተራ የለውም፣ እትዬ አስካለ። ለመኖር ነው።»

«እንግዲያው እኔን ጋቢና አሳፍረኝ!»

ሳቁ ሲበርድ አቶ ከድር፣ «በረንዳዎ ላይ ያለው የውሃ ሮቶም ይውረድ፤ ከመግቢያችን አናት ላይ ነው ያለው» አሏቸው።

«ውሃው የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። ሮቶዬን ካወረድክ አንተ ትቀዳልኛለህ?»

«እቀዳልዎታለሁ።»

«ኧረ ተወኝ! የልጅ ልጄ ክርስትና ደርሷል!»

ከስብሰባው ስንመለስ በቤቴ በር ላይ ዱካ ስቤላቸው ተቀመጡ። «ጋሽ ታደሰ፣ ወንድሜ ቆሞ ነው የሞተው» አሉኝ። «በልጅነታችን የእርዳታ እህል ይታደላል ተብሎ በር ላይ ሰው ተጋፋ። እኔ ትከሻው ላይ ነበርኩ። ከሥሬ ሞቷል፤ መውደቂያ ቦታ ስላጣ ግን አልወደቀም። ሰዉ ሲሳሳ ነው አብረን የወደቅነው።» በማግስቱ ከበሬ ፊት ለፊት ቸርኬውን ሰቀልኩላቸው።

በልምምዱ ላይ ርኅራኄ አያውቁም ነበር። ቸርኬው ሳይመታ ደረጃ ላይ ያገኙትን ጎረምሳ ቁርጭምጭሚቱን በቆመጥ አሉት። እናቱ ወጥታ የስድብ መዓት ስታወርድባቸው፣ «ዛሬ ቁርጭምጭሚቱ ይበጥ፤ ነገ አንገቱ ይተርፋል» አሏት። አመሻሹ ላይ ቅባት ይዘው ሄደው እግሩን ሲያሹት አገኘኋቸው። እኔም በበኩሌ ለመሠረት ከአንግል ብረት ጠረጴዛ በየድኩ። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ በየካ ሌላ የለም።

የክርስትናው ቀን የወይዘሮ አስካለ ቤት ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር ወንበር ተደርድሯል። እንግዶቹ ልምምዱን አያውቁትም። አቶ ከድር ወጥተው ስለ ቸርኬው ሊነግሯቸው ቢሞክሩ ወይዘሮ አስካለ፣ «በድግሴ ላይ ስለ ሞት አታውራብኝ! ለስላሳህን ጠጣና ውረድ!» አሏቸው። ለስላሳቸውን እንደያዙ ወርደው እኔ በር ላይ ዱካው ላይ ተቀመጡ። ቆመጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ላይ ያለው ሰው ተራ አያውቅም፣ ጋሽ ታደሰ።»

«መሬቷም ዛሬ የተጠራች አይመስለኝም።»

«እሷ ሳትጠራ ነው የምትመጣ።»

ወለሉ ላይ ያስቀመጡት ጠርሙስ መንገጫገጭ ጀመረ። ወዲያው ከሥራችን ጎርፍ የመሰለ ጉርምርምታ መጣ፤ ግድግዳው ጮኸ፤ መስኮቱ ረገፈ። መሠረት የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር። ያ የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላት መሰለኝ፣ ከእጄ አምልጣ ወጣች፤ የቀሚሷ እጅጌ እጄ ላይ ቀረ። ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ከላይ የወንበር ናዳና የሰው ጩኸት አብሮ ይወርዳል። አቶ ከድር ክንዷን ጨምድደው እንደ ጆንያ ወደ እኔ ወረወሯት።

«ያዟት! ጠረጴዛው ሥር!»

ጎትቼ አስገባኋትና በላይዋ ተደፋሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሁሉን አየሁ። አቶ ከድር በግራ እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ብረት ጨበጡ፤ በቀኛቸው ቆመጡን አነሡ።

«ቁጭ በሉ! ባላችሁበት ቁጭ!»

ፊት የመጣው ሙሉ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ አልቆመም። ቆመጡ ቅልጥሙ ላይ አረፈ። በጉልበቱ ወድቆ ተነሣና አቶ ከድርን አፋቸው ላይ በቡጢ መታቸው። ጥርስ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየሁ። አንዲት ሴት እጃቸውን ነከሰች። ከላይ የተወረወረ ወንበር ግንባራቸውን ፈነከተው። ከኋላ ያለው ሕዝብ ሲጫን ፊተኞቹ አቶ ከድርን ከመደገፊያው ብረት ጋር አጣበቋቸው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የእንጨት አልነበረም። ብረቱን ግን አልለቀቁም። ደም እየተፉ «ቁጭ!» ይላሉ። መሠረት ከሥሬ ናት። መውጣት አልችልም፤ ስለዚህ ድሮ በእንጦጦ ዳገት ላይ በሚታወቀው ድምፄ «ቁጭ በል!» ብዬ ጮኽኩ። መሐል ላይ የነበሩ አንዲት አሮጊት ተቀመጡ። ከኋላቸው ያለው በእሳቸው ላይ ላለመውደቅ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ መቀመጡ እየተዛመተ ወደ ላይ ወጣ።

ያኔ ነው ከታች አንድ ፍንዳታ የተሰማው። ሕንጻው የፈረሰ መስሎኝ ነበር። መንቀጥቀጡ ቆመ። ውሃ ሲንዠቀዠቅ ብቻ ይሰማል።

«ጋሽ ታደሰ፣ ቸርኬውን» አሉ አቶ ከድር። ወጥቼ መታሁት። ምድር ቤት ወጣ፤ አንደኛ ፎቅ ወጣ፤ እኔና መሠረት ወጣን። የወይዘሮ አስካለ ሮቶ ከእነ ውሃው ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ የመግቢያውን ጣሪያ ሰባብሮ፣ በሩ ፊት ተዘርግቷል፤ በጎኑ እየተሽሎከሎክን ነው የወጣነው። ያ ሁሉ ሰው እየተጋፋ የሚወጣው በዚያ በር ነበር። መሠረት ከፊት ትሆን ነበር። ያ ግዙፍ ሰውዬ ወርዶ አየና ተመልሶ ወጣ። አቶ ከድርን አዝሎ አወረዳቸው፤ እያለቀሰ።

መሠረት በሰላም ከተገላገለች በኋላ ልጁን ይዘን ጠየቅናቸው። «ደረቴ ላይ አስቀምጪልኝ» አሏት። ሲቀመጥ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሕመሙ እንደሆነ አውቄያለሁ። «ይህ ሰውዬ ተራውን ጠብቆ ነው የመጣ» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከድር ሆይ፣ በጽሑፍ አንቱ ማለት ወግ ነውና እስካሁን ጠብቄዋለሁ። ቀሪውን በሬ ላይ ቁጭ ብለን እንደምናወራ አድርጌ ልንገርህ። ሰው በማይጋፋበት በር አላህ ያስገባህ። ራጉኤልም ወጥቼ ስምህን አንስቻለሁ፤ እንዳትቆጣኝ። ሥራህ እንዳልቆመ ግን እወቅልኝ።

አንተ አልጋ ላይ ከዋልክ ወዲህ በረንዳ ላይ የነበረውን ሮቶ ሁሉ መሬት አውርጄ ውሃውን በፓምፕ ወደ ላይ እንዲገፋ አድርጌያለሁ፤ ማንም አላሳየኝም። ቧንቧውን መጀመሪያ የዘረጋሁት ለወይዘሮ አስካለ ነው፤ ስከፍተው አለቀሱ። የብሎኩን ቡፌ ሁሉ በላሜራ ከግድግዳ ጋር ጠፍሬያለሁ። ከቁም ሳጥን ላይ ጀሪካን አውርጃለሁ፤ እምቢ ያለውን ተሳድቤ አውርጃለሁ። የመግቢያውን ጣሪያ ከቀድሞው አጠንክሬ ሠርቻለሁ። እንግዳ ከመብላቱ በፊት ስለ ቸርኬው ይነገረው የሚለውን ደንብ በእድሩ ያስጸደቅሁት እኔ ነኝ።

ደግሞ ሀዘንህ ላይ ቤትህ ሞልቶ ሳለ መሬቷ ሳትጠራ መጣች። ባለቤትህ ዘይነባ «ቁጭ!» አለች፤ ያንተው ድምፅ ነበር። ሁሉም ራሱን ሸፍኖ ተቀመጠ። ስታቆም ወርጄ ቸርኬውን መታሁ። ምድር ቤት ወጣ፤ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛ ወጣ፤ ያንተ ለቀስተኞች ወጡ፤ አራተኛ ወጣ። ክርን ከክርን አልተነካካም።

እኔ ታደሰ ከሁሉም ኋላ ወጣሁ።