ሳልሞት የወረሰኝ ዘመዴ

የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ያውም በቡሬ ገበያ ቀን። ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን ሲጀምር «በድቅድቅ ጨለማ ወጣን» ይላል። እኔ ግን ጨለማውን ለጣሊያን ዘብ ትቼለት፣ የማር ማሰሮ አዝዬ፣ ገበያተኛ መስዬ፣ ከንስሐ አባቴ ከቄስ አስረስ ጋር በኬላው አፍንጫ ሥር አለፍኩ። አስካሪው፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ማሰሮውን አስከፈተኝና ጣቱን ነክሮ ላሰ። «ግሩም ማር!» አለ። «ያንቅህ» አልኩት በሆዴ፤ በአፌ ግን «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ምክር ፈልጋችሁ ለምትሰሙኝ ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው፦ የሚሸሽ ሰው የሚሸጥ ነገር ይያዝ። ባዶ እጁን የሚሄደውን ሁሉም ይጠረጥረዋል፤ ከነጋዴ ግን ትንሽ ቆንጠር አድርገው ያሳልፉታል።

ይህን ቃሌን የሚጽፉልኝ ቄስ አስረስ ናቸው። ስድቡን እንዳያለሳልሱብኝ አስምያቸዋለሁ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ካህን ነኝ» ሲሉኝ፣ «እኔ ደግሞ ተበዳይ ነኝ፣ ይጻፉ» አልኳቸው።

የሸሸሁት ከጣሊያን ነው ብል ውሸቴን ነው። የሸሸሁት ከአክስቴ ልጅ ከጫኔ ነው። አያታችን ርስቱን ለሁለት ሴት ልጆቹ ሲያካፍል፣ ከፈጣም ወንዝ ማዶ ያለው ጥቁር መሬት ለእናቴ ደረሳት፤ ጭንጫው ለጫኔ እናት ወጣ። ዕጣ ነው፣ ማን ምን ያደርጋል? ጫኔ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን መሬት ባየ ቁጥር ዓይኑ ይቀላ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ባሌ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ እዚያው ሞተ። ልጅ አልወለድንም። ይኼኔ ጫኔ ቡሬ ወዳለው የጣሊያን አዛዥ፣ ወደ ኮማንዳንቴው ሄደና «የሽፍታ ሚስት ናት፤ ቤቷ የሽፍታ ስንቅ ማዘጋጃ ነው፤ መሬቱም የእኔ ነው» አለ። አስካሪዎች መጥተው ቤቴን አቃጠሉት። አመዱ ሳይበርድ ጫኔ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳዬ ውስጥ ገባ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቡሬ እስከ ወጀት፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም እስከምትሏት ድረስ፣ ስለ ሰው ሲሟገት የኖረ ጠበቃ ነበር። ሙግትን የተማርኩት ከጉልበቱ ሥር ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ያን ቀን እርፍ አልያዝኩም፣ ድንጋይም አልወረወርኩም። ሰው ከቅዳሴ እስኪመለስ ጠበቅሁና ከማሳው ዳር ቆሜ «በሕግ አምላክ! የሚታረሰው የእናቴ ርስት ነው! ስሙልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ይህን ልብ በሉ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በርስት ነገር ግን ይነቅዛል፣ ያውም እስከ ሥሩ። መሬታችሁ ሲታረስ አይታችሁ ዝም ካላችሁ፣ ነገ ዳኛው «ያኔ የት ነበራችሁ?» ይላችኋል። በማግስቱ ጫኔ «ለመበለቷ» ብሎ አንድ ቁና ጤፍ ላከልኝ። ርቦኝ ነበር፤ ግን መለስኩለት። ብቀምሰው ኖሮ «ድርሻዋን በልታለች» ይለኝ ነበር፣ አውቀዋለሁ። የባላጋራን እህል አትብሉ፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይመሰክርባችኋል።

ጩኸቴ ኮማንዳንቴው ጆሮ ደረሰ። ልታሰር መሆኔን ቄስ አስረስ ሹክ ሲሉኝ፣ በሬዬን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ።

በአገው ምድር አድርገን ወደ ቆላው ወረድን። ስለ በረሃው ብዙ አልልም፤ ወባና ጥም ነው። ሱዳን ገብተን ገዳሪፍ ስንደርስ ውሃ በአህያ እየዞረ ሲሸጥ አየሁ። ውሃ! በገንዘብ! «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ግሽ ዓባይ ጠበል ተጠምቄ ያደግሁት ሴትዮ በአንድ ጣሳ ድፍርስ ውሃ ከሻጩ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ቄስ አስረስ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው ከማሽላ የሚጋገር ስስ ነገር ነው፤ ትበሉታላችሁ፣ የበላችሁ ግን አይመስላችሁም። ሐቡብ የሚሉት አቧራ ሲነሳ ደግሞ ቀኑ ይጨልማል። እኛ ዘንድ ሰማይ ሲጠቁር ዝናብ ይመጣል፤ እዚህ አፈር ይመጣል።

ስደተኛ የሚመዘግበው እንግሊዝ ላቡን እየጠረገ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራሽ?»

«ባለርስት ነኝ።»

«ሥራሽን ነው የጠየቀሽ» አለ አስተርጓሚው።

«ነገርኩህ እኮ። ባለርስትነት ሥራ ካልሆነ ጣሊያን ምን ፍለጋ ነው ከሮማ ድረስ የመጣው?»

ሲተረጎምለት እንግሊዙን ሳል ያዘው። «ታዲያ መሬትሽ የት ነው?» አለ።

«ጫኔ እጅ ነው።»

እሱንም ጻፈው። ምን ብሎ እንደጻፈው እግዜር ይወቅ።

የቤት አከራዬ ሐጃ ዘይነብ ደግሞ «ዳማና አለሽ?» አለችኝ፤ ዋስ ማለቷ ነው። «እግዚአብሔር ዋሴ ነው» አልኳት። «አላህ የእኔም ዋስ ነው፤ ኪራይ ግን ከፍሎልኝ አያውቅም» አለች። በመጨረሻ ቄስ አስረስ ለእኔ ዋስ ሆኑ፣ እኔም ለቄስ አስረስ ዋስ ሆንኩ፤ እሷም ሁለታችንን እያየች ሳቀችና ቤቱን ከፈተችልን። በርበሬ እየወቀጥኩ ለስደተኛው መሸጥ ጀመርኩ። ንግድ ለምታስቡ፦ ለአገር ሰው በዱቤ አትስጡ፤ ገንዘቡንም ሰውየውንም ታጣላችሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ከገበያ ስመለስ ስደተኛው ድንጋይ አንስቶ አንድ ሰው ከቦ አገኘሁት። «ባንዳ! ባንዳ!» ይላል። ተጠግቼ ባይ ጫኔ ነው! ጣሊያን ደግሞ በበኩሉ «አርበኛ ትደብቃለህ» ብሎ አሳድዶታል። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ። እሰይ! ይበለው! እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ድንጋዩ እንዲወረወርበት ግን አልፈለግሁም። ሰው ሁሉ ራራችለት አለ። ሞኝ! የሞተ ሰው አይከሰስም። ጫኔ እዚያ ቢወድቅ መሬቱን በእጁ እንደያዘ ይሞታል፤ ልጆቹ «አባታችን ሲያርሰው የኖረ» ብለው ይወርሱታል፤ እኔም እጄ ካለበት ደመኛ ሆኜ ቡሬን ዳግም አልረግጥም። ለዚህ ነው ስትበደሉ አትግደሉ፣ ክሰሱ የምላችሁ። የበደለኝ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ ሲረታ ካላየሁ አልጠግብም።

መሀል ገባሁና «በሕግ አምላክ! ይህ ሰው ተከሳሼ ነው!» ብዬ የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። እንደ አገራችን ወግ ቁራኛ ሆነን፣ ዳኛ ፍለጋ፣ የገዳሪፍን ገበያ አቋርጠን ወደ እንግሊዙ ሄድን። ገበያው ሁሉ ተከተለን።

«አሁን ደግሞ ምንድነው? ባሏ ነው?» አለ እንግሊዙ።

«ባሌማ ሞቷል። ይኼ መሬቴን የበላው ነው።»

«ታዲያ ለምን ተሳሰራችሁ?»

«እንዳይጠፋብኝ።»

«እኔ የጎጃም መሬት አልዳኝም» አለ። «ሰውየው ግን ሰላይ ሊሆን ይችላል። ዋስ ከሌለው ወህኒ ይገባል።»

ወህኒ ከገባ በበሽታ ያልቅብኛል። «ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ። አስተርጓሚው የሰማውን አላምን ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

ቄስ አስረስ ከስደተኛው መሀል ሽማግሌዎች መርጠው ከዛፍ ሥር አስቀመጡን። ከጎጃም፣ ከፈረስ ቤት የመጡ ሰዎችም ነበሩባቸው። ጫኔ ገና ከመቀመጡ «እኅቴ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«ይቅርታውን ለቄሱ ንገር። ለእኔ መሬቱ የማን እንደሆነ ንገረኝ።»

«የእኔ ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው» አለ። አያታችን ርስቱን ሲያካፍል የመሰከሩት ሽማግሌዎች በጦርነቱ አልቀዋል፤ እሱም ያውቃል። የእኔ ቃል በእሱ ቃል ላይ ሆነ። ሽማግሌዎቹም «አገር ሰላም ሲሆን ቡሬ ላይ ተሟገቱ» ብለው ተነሡ።

ብዙም ሳይቆይ ጫኔን ወባ ጣለው። ኪኒን ገዛሁለት። አጥሚት በማንኪያ እያጠጣሁ «አትሞትም! ተከሳሽ ነህ!» እያልኩ እጮህበት ነበር። ሐጃ ዘይነብ ወንድሟን የምታስታምም ደግ ሴት ናት ብላ ኪራይ ቀነሰችልኝ። አላረምኳትም።

ዳነ። ንጉሡ በሱዳን አድርገው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ ጫኔ ለእኔ ሳይነግረኝ ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። እንግሊዙ አስጠራኝ። «ዋስ የሆንሽለት ሰው የት አለ?» «አገሩ ገብቷል።» «እንግዲያስ ጉዳዩ እስኪጣራ አንቺ አትንቀሳቀሺም።» ስደተኛው ሁሉ እየዘፈነ ወደ አገሩ ሲነጉድ እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ቄስ አስረስም ጥለውኝ አልሄዱም። በሄድኩ ቁጥር መልሱ «ቡክራ» ነው፤ ነገ ነይ። ዋስ ከመሆናችሁ በፊት ሰውየው ሲሸሽ ማን እንደሚያዝ ጠይቁ። እኔ የጠበቃ ልጅ ሆኜ፣ በቀል አፍኖኝ፣ ሳልጠይቅ ገባሁበት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደሴ የሚባል የቡሬ ነጋዴ ገዳሪፍ መጣ። በርበሬ ልገዛ ብሎ ደጄ ሲደርስ አየኝና «በስመ አብ ወወልድ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ምነው ደሴ?»

«እትዬ ይመኙሻል፣ እርስዎ እኮ ሞተዋል!»

«በምን?»

«በወባ። ጫኔ ነው የነገረን። ተዝካርዎንም በላን።»

ወይ ጉድ! የራሱን ወባ ለእኔ አሸክሞ ገደለኝ።

«ተዝካሬ እንዴት ነበር?»

«እርስዎ ይሙቱ፣ ያማረ ነበር!» አለና አፉን ያዘ።

«በሬውስ የማን ነበር?»

«የእርስዎው ቦራ በሬ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ምን ብሎ ነው የደገሰው? አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»

«ጣሊያን ሲወጣ፣ በጣሊያን ቃል መሬት የያዘ ሁሉ ልቀቅ ይባል ጀመር። ጫኔ ከደጀ ሰላሙ ቆሞ፣ ‹ይህ መሬት የአክስቴ ልጅ የይመኙሻል ነው። ልጅ የላትም። የቅርብ ዘመዷ እኔ ነኝና ተዝካሯን አውጥቼ እወርሳለሁ› አለ። ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ሰሙ።»

ድገመው አልኩት። ደገመው። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ተዝካሬን የበላችሁ የቡሬ ሰዎች፣ በልታችኋልና ምስክሮቼ ናችሁ! ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «የእኔ ነው» ያለው ሰው፣ እኔን ለመውረስ ሲል መሬቱ የእኔ መሆኑን በአፉ ተናገረ። ሟች የሌላትን አታወርስም። ሙግቴን እሱ ጨረሰልኝ፤ ለእኔ የቀረኝ በሕይወት መኖሬን ማሳየት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አያቅተኝም። ቃሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይነበብ፤ ጫኔም ቆሞ ይስማ። «መሬቱ የእሷ አይደለም» ካለ፣ ታዲያ የማንን ርስት ልትወርስ ደገስክ በሉት። «የእሷ ነው» ካለ፣ እየመጣች ነው በሉት። ክረምት የሚሞላው ወንዝ ይጉደል፣ እንግሊዙም «ቡክራ»ውን ይጨርስ። መሬቴንም፣ በሬዬንም፣ የቤቴንም ካሳ እወስዳለሁ። አንዲት ቁና አልምረውም።

ደሴ ሊሄድ ሲነሣ አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ማን አለቀሰልኝ?»

ጋቢውን መደረብ ጀመረ።

«ንገረኝ እንጂ፣ አልቆጣም።»

«ዘመዶችዎ አልቀው የለ፣ እትዬ። ያለቀሰው ጫኔ ብቻ ነው። ደረቱን ሲመታ ሰው ነው የያዘው።»

ቄስ አስረስ እዚህ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኼንንም ይጻፉ» አልኳቸው። «ለባለርስቷ ያለቀሰ ሰው ባለርስቷን ያውቃታል። እንባውንም አስቆጥርበታለሁ።»

«ልጄ፣ አንቺም እኮ እያለቀስሽ ነው» አሉኝ።

«እሱን አይጻፉ» አልኳቸው።