የእናቴ ፍሬን

የዓባይን ቁልቁለት ስወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ፊት ለፊቴ ያለው ከባድ መኪና ይጠፋኝና ደብረ ማርቆስ የነበረው ግቢያችን፣ በክሪክ የተነሣችው ኮምቢ መኪናችንና ከሥሯ የወጣው የአባቴ እግር ይታየኛል። ሌላው ሰው መስኮት ሲዘጋ እኔ እከፍታለሁ።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ በማርቆስና በደምበጫ መካከል ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ኮምቢዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ አሮጌ ሆና ነው የገዛት። በገበያ ቀን የገበያተኛው፣ እሑድ ደግሞ የእኛ ነበረች። ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው ፍሬኗን ይበላው ነበርና አባቴ ሐምሌን የሚገፋው ማርሽ እየቀነሰና እየተራገመ ነበር።

በአንዱ ሐምሌ ሰላሌ የሚኖሩት የእናቴ አባት ዐረፉ። መርዶው የደረሰን ግን ከተቀበሩ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያስተዛዝን ሲመጣ እናቴ እንባ አልወጣ አላት። «ያልቀበርሁትን አባት እንዴት ብዬ ላልቅሰው» አለችና ዝም ብላ ከረመች። የቀራት ጥር ላይ የሚወጣው የመንፈቅ ተዝካር ብቻ ነበር፤ እዚያ ደርሳ መቃብሩ ላይ ካላለቀሰች የሚወጣላት አይመስልም ነበር። ባዶ እጇን በአውቶቡስ መሄድ ደግሞ ለሴት ልጅ ነውር ነውና፣ ማሩን፣ ቅቤውንና የአባቴን ሽማግሌ ዘመዶች ጭና በኮምቢዋ መግባት ነበረባት።

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ አባቴ ጎማዎቹን ፈትቶ አየና ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው አለ። በዚያ ፍሬን ዓባይን መውረድ አይታሰብም። የእናቴ ወንድም መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ስለነበር፣ ለኮምቢዋ ሸራ ገዝቶ እንዲልክ በአውቶቡስ ሾፌር እንድታስነግረው ነገራት። እሷም የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተላለፈች።

መልሱ ኅዳር ላይ በአውቶቡስ ጣሪያ መጣ። ለማውረድ ሁለት ሰው ያስቸገረ፣ ኮምቢዋን አልብሶ የሚተርፍ አረንጓዴ የድንኳን ሸራ ነበር። አጎቴ ለእኅቱ ብሎ ከሱቁ የተሻለውን መርጧል። አባቴ ሸራውን አየ፣ እናቴን አየ፣ መልሶ ሸራውን አየ።

«ሸራ አሉኝ፣ ሸራ አስላክሁ» አለች እናቴ።

ለካ የፍሬኑንም የድንኳኑንም ስም አንድ ያደረገው ሰው ጨርቅ ነጋዴ አማች አልነበረውም። በማግሥቱ አባቴ ያለቀውን ሸራ ከነብረቱ በቃጫ አስሮ፣ ይህን የመሰለ ብሎ በዚያው አውቶቡስ ላከ። ገና አለፈ፣ ታኅሣሥ ወጣ፣ እናቴ ማሩን አሽጋ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ታስጠይቅ ነበር። ትክክለኛው ሸራ የደረሰው ለጥምቀት ዋዜማ ነው፤ አረንጓዴውን አትመልሱ፣ ለተዝካሩ ዳስ ይሆናል የሚል መልእክትም ነበረው።

በዓሉ እንዳለፈ አባቴ ግቢው ውስጥ ሥራ ጀመረ። እናቴ ለዳስ የታሰበ ነው ብላ ብትቆጣም፣ አረንጓዴውን ሸራ አንጥፎ ተኛበት። ታምቡር የሚሉትን ክብ ብረት በመዶሻ እየነካካ አወለቀ፣ አዲሱን ሸራ ገጠመ፣ ከዚያም ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት ፍሬን የሚረግጥ ሰው ፈለገና እናቴን ጠራት። እናቴ በሕይወቷ መሪ ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፣ እኔንም ከጎኗ አስቀመጠችኝ። አባቴ ከሥር «ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» ሲል እሷ ትረግጣለች፣ ትይዛለች፣ ትለቃለች። የመጨረሻውን ጎማ ሲጨርስ፣ ገና ያዢ እንዳላት፣ የነፍስ አባታችን ከበር ተጣሩ። አባቴ ወጥቶ መስቀል ተሳለመ፣ ወሬ ያዘ፣ እሷን ረሳት። ሲመለስ እግሯ እየተንቀጠቀጠ አሁንም እንደረገጠች ነበር።

«ምነው?» አላት።

«ልቀቂ አላሉኝማ።»

ከተዝካሩ ሁለት ቀን ቀደም ብለን ተነሣን። ከደጀን በኋላ ቁልቁለቱ ሲጀምር አባቴ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ ከጎኑ የተቀመጠችው እናቴም ቀኝ እግሯን ባዶው ወለል ላይ ትተክል ነበር። ኋላ ላይ ማንሣቱንም ተወችው። ሽማግሌዎቹ ጸሎት ያነበንባሉ፣ አዲሱ ሸራ ይሸታል፣ እሷ እንደረገጠች ድልድዩን ተሻገርን። አባቴ ዳር ይዞ አቆመና እግሯን አየ።

«በቃ፣ አሁን ልቀቂ» አላት በዝግታ።

እናቴ እግሯን አነሣች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ከሐምሌ ጀምሮ የያዘችውን ለቅሶም እዚያው፣ መቃብሩ ጋ ሳትደርስ፣ «አባዬ» እያለች ለቀቀችው። ማንም ዝም በይ አላላትም። ተዝካሩ በአረንጓዴው ሸራ ጥላ ሥር በደንብ ወጣ፤ አጎቴም ለመጣው ሰው ሁሉ ሸራውን ያሳይ ነበር።

ዛሬ ሸራ ማስቀየር ቀላል ነው፤ መኪናውን ጋራዥ ሰጥቼ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። የምትነዳው ልጄ ናት፣ ከአባቴም የተሻለች ሾፌር ናት። ቢሆንም ከደጀን ስንወርድ ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል፣ እሷም አይታ ትስቅብኛለች። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ከጀመርን በኋላም እግሬ እዚያው ነው፤ ልቀቂ የሚለኝ የለም።